ሻምበል ቱሺንና ያልደረሰው ትእዛዝ

እንደምን አመሻችሁ።

ስለ ጦርነትና ስለ አመራር ተናገር ስባል መጀመሪያ ሳቄ መጣ። እኔ ጠመንጃ የያዝኩት አንድ ጊዜ ፎቶ ለመነሳት ነው። እሱም የሰው ነበር። ጥይትም አልነበረውም። የኔ ሥራ ልቦለድ ማንበብ ነው። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ መጽሐፍ ውስጥ ስላገኘኋቸው አዛዦች ነው። እዚህ ውትድርና የቀመሳችሁ ካላችሁ፣ ስሳሳት በይሉኝታ ዝም አትበሉኝ።

ጎረቤታችን ከነበሩ አንድ ጡረተኛ ልጀምር። ሰፈር ውስጥ ስማቸውን የሚጠራ የለም፤ ትልቁም ትንሹም "ሃምሳ አለቃ" ነው የሚላቸው። እሁድ እሁድ በራቸው ላይ ዱካ አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። አንድ ቀን ወፍራም መጽሐፍ በብብቴ ይዤ ሳልፍ ጠሩኝ።

"ና እስቲ። ይሄ ምንድነው? የሕግ መጽሐፍ ነው?"

"አይ ጋሼ፣ ልቦለድ ነው። የሩሲያ ነው፣ ስለ ጦርነት።"

"ጦርነት በልቦለድ!" አሉና ሳቁ። "በል ተቀመጥ። አንዱን አውራኝ።"

መጽሐፉ የቶልስቶይ "ጦርነትና ሰላም" ነበር። ቶልስቶይ የመድፈኛ መኮንን ሆኖ በሴቫስቶፖል ከበባ ተዋግቷል። መጽሐፉን የጻፈው ከዚያ በኋላ ነው፣ በ1860ዎቹ። ስለዚህ የባሩድ ሽታውን ከሌላ መጽሐፍ አልቀዳውም። ለሃምሳ አለቃ የመረጥኩላቸው የሻምበል ቱሺንን ታሪክ ነው።

ጊዜው ኅዳር 1805 ነው፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር። የሩሲያ ጦር ኦስትሪያ ውስጥ ከናፖሊዮን እያፈገፈገ ነው። ዋናው ጦር እንዲያመልጥ ልዑል ባግራትዮን በጥቂት ሰው ሾንግራበርን የምትባል መንደር አጠገብ ፈረንሳዮቹን እንዲያቆይ ታዟል። በዚህ ጦር ውስጥ አንድ ትንሽ ሰውዬ አለ፣ የመድፈኛ ሻምበል። ቱሺን ይባላል። መጀመሪያ የምናየው ባለ ሱቁ ድንኳን ውስጥ ነው፣ ጫማውን አውልቆ በካልሲ ቆሞ። አንድ የበላይ መኮንን ገብቶ ይቆጣዋል። ቱሺንም አፍሮ ፈገግ ለማለት ይሞክራል። "ወታደሮቹ ባዶ እግር ይቀላል ይላሉ" ብሎ ሊቀልድ ይፈልጋል። ቀልዱ አልያዘለትም። በቃ፣ ይህ ነው ጀግናችን።

ውጊያው ሲጀመር ቱሺን አራት መድፍ ይዞ መሐል ላይ ነው። ከጎኑ የነበረው ሽፋን ሰጪ እግረኛ በመሐል ተነስቶ ሄዷል፤ ማን እንዳዘዘው አይታወቅም። ቱሺን ይህን አላየም ወይም ግድ አልሰጠውም። አጭር ፒፓውን ነክሶ ከመድፍ ወደ መድፍ ይሮጣል። መንደሪቱን ያቃጥላል። ፈረንሳዮቹ በዚያ በኩል ብዙ መድፍና ብዙ ሰው ያለ ይመስላቸዋል። እሱ ግን በራሱ ዓለም ውስጥ ነው። የጠላት መድፍ ጭስ ቡልቅ ሲል "ይሄው ደግሞ አጨሰ" ይላል ለራሱ፣ ማዶ ፒፓ የሚያጨስ ሰው ያለ ይመስል። ለዳሯ ትልቅ መድፍ የሴት ስም አውጥቶላታል፣ ማትቬቭና ብሎ። ሰው እየወደቀበት ነው፤ እሱ ከመድፏ ጋር ያወራል።

አሁን ትእዛዙ የት ደረሰ? ባግራትዮን ጦሩ እንዲያፈገፍግ ወስኗል። ወደ ግራ ክንፍ መልእክት እንዲያደርስ ዠርኮፍ የሚባል መኮንን ላከ። ዠርኮፍ ቀልደኛና አፈ ጮሌ ነው። ፈረሱን ኮልኩሎ በረረ። ወደ ተኩሱ ሲቀርብ ግን ሆዱ ተንቦጨቦጨ። እና ምን አደረገ? ጄኔራሉን ጄኔራሉ ሊኖርበት በማይችል ቦታ መፈለግ ጀመረ።

እዚህ ላይ ስደርስ ሃምሳ አለቃ ጉልበታቸውን መቱ። "እሱን እኮ አውቀዋለሁ!" አሉ። "እኛም ጋ ነበር!"

ትእዛዙ አልደረሰም። ግራ ክንፍ ላይ የነበሩት ሁለት አዛዦች፣ የእግረኛውና የፈረሰኛው፣ እርስ በርስ ይጨቃጨቃሉ። ፈሪ ላለመባል ተያይዘው እስከ ፊት መስመር ሄደው ጥይት ሥር ይቆማሉ፤ ማን ቀድሞ እንደሚመለስ ሊተያዩ። ወታደሮቻቸው እንጨት እየለቀሙ ነው። ፈረንሳዮቹ መጡ። ጫካው ውስጥ አንዱ "ተቆረጥን!" ብሎ ጮኸ። በዚያች ቃል ብቻ ሬጅመንቱ ሁሉ እግሬ አውጪኝ አለ።

"ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው" አሉ ሃምሳ አለቃ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልነበረኝም።

ቱሺን ጋ የተላከው መኮንን ደግሞ ደርሷል፤ ግን ከሩቅ "ለቃችሁ ውጡ!" ብሎ ጮሆ ፈረሱን አዞረ። በመጨረሻ ልዑል አንድሬ የሚባል መኮንን መጣ። እሱም ፈራ፤ ቶልስቶይ ይህን አይደብቅም። ግን አልተመለሰም። መድፎቹ እስኪነሱ ቆሞ አገዘ። ሁለቱን መድፎች ግን ማውጣት አልቻሉም።

ማታ ቱሺን ባግራትዮን ፊት ቀረበ። መድፍ ለምን ጥለህ መጣህ ተባለ። መንጋጭላው ይንቀጠቀጣል። መልስ አለው፦ ሽፋን ሰጪ አልነበረኝም። ይህን ግን አይናገርም። ከተናገረ ሌላ መኮንን ይጠየቃል። ትምህርት እንዳላጠና ተማሪ ዝም ብሎ አለቃውን ያያል። ያኔ ልዑል አንድሬ ይነሳል። እኔ እዚያ ነበርኩ፣ ከሰዎቹና ከፈረሶቹ ሁለት ሦስተኛው አልቋል፣ ሽፋን የሚባል ነገር አልነበረም፣ የዛሬው ቀን ከሁሉ በላይ የተሳካው በዚህ ሰው ነው ይላል።

አንድሬ ባይኖርስ? ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው "ሻምበል ቱሺን ሁለት መድፍ አስማረከ" የሚል ነበር። ውሸትም አይደለም።

ይህን ክፍል ሳነብ የራሴ ፊት ይቀላል። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሪፖርት ጸሐፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። "በአመርቂ ሁኔታ ተከናውኗል" የሚለውን ሐረግ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት እግዜር ይወቀው። ከታች "ግማሹ ሄዷል፣ ግማሹ ገና ነው" ብለው ይነግሩኛል። እኔ "በአብዛኛው ተጠናቋል" እላለሁ። የኔ አለቃ "ተጠናቋል" ብሎ ያሳልፈዋል። የሱ አለቃ ጋ ሲደርስ "ከዕቅድ በላይ" ይሆናል። ማንም ሆን ብሎ አልዋሸም። እያንዳንዳችን ትንሽ ትንሽ ነው ያቃናነው። በኛ ግን ሰው አልሞተም።

ለኔ የጦርነት ልቦለድ ዋናው ጥቅም ይህ ነው። የታሪክ መጽሐፍ ትእዛዙን ይነግርሃል፣ ውጤቱንም ይነግርሃል። ልቦለድ መሐሉን መንገድ ያሳይሃል። ትእዛዝ ወደ ታች ሲወርድ ምን እንደሚደርስበት፣ እውነት ወደ ላይ ሲወጣ ምን እንደሚሆን። አዛዡ የሚለካው በዚያ መንገድ ላይ ማንን እንዳስቀመጠ ነው፤ ዠርኮፍን ወይስ አንድሬን?

ያው ቶልስቶይ በቦሮዲኖ ውጊያ ላይ ናፖሊዮንን ያሳየናል፤ መስከረም 7 ቀን 1812፣ ያው በፈረንጅ። ናፖሊዮን ጉንፋን ይዞታል። ከውጊያው ራቅ ያለ ምሽግ ላይ ቆሞ በመነጽር ያያል። የሚታየው ጭስ ነው። መልእክተኛ እየጋለበ ይመጣል፦ የቦሮዲኖን ድልድይ ይዘናል፣ ጦሩ ይሻገር ወይ? ናፖሊዮን ተሻግሮ እንዲሰለፍ ያዛል። ግን ሰውዬው ከመንደሯ ገና ሲነሳ ድልድዩን ሩሲያውያን መልሰው ይዘው አቃጥለውታል። የዓለም ታላቁ ጦረኛ በሌለ ድልድይ ላይ ጦር እያሻገረ ነው።

እኛ አገር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የአድዋ ዕለት የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ባራቲየሪ ለጄኔራል አልቤርቶኔ በሰጠው ካርታ ላይ ኪዳነ ምሕረት ተብሎ የተጻፈው ኮረብታ ሌላ ኮረብታ ነበር። አልቤርቶኔ እውነተኛውን ኪዳነ ምሕረት ፍለጋ ወደፊት ገሰገሰ። ከሌሎቹ ተነጥሎ ብቻውን ቀረ። ከዚያ በኋላ ያለውን ለናንተ አልነግርም፤ በየዓመቱ የካቲት 23 ታከብሩታላችሁ።

ባግራትዮን ግን ሌላ ነው። ሾንግራበርን ላይ ሰዎች እየሮጡ መጥተው ይህ ሆነ ያ ሆነ ሲሉት "መልካም" ብሎ ራሱን ይነቀንቃል፣ ሁሉም እሱ ባሰበው መንገድ የሚሄድ ይመስል። አንድሬ ቀረብ ብሎ ሲያስተውል ሰውዬው ምንም ዓይነት ትእዛዝ አይሰጥም። ፊታቸው ግራ ተጋብቶ የመጡ መኮንኖች ግን ተረጋግተው ይመለሳሉ። ወታደሩ እሱን ሲያይ ይደፍራል። እኔ መጀመሪያ ሳነበው ማስመሰል መሰለኝ። ሃምሳ አለቃ ግን አልተስማሙም። "እንዲህ ያለ አዛዥ አንድ ነበረኝ" አሉኝ። "ምሽግ ድረስ ይመጣል። ምንም አይልም። ሲጋራ ይለምነናል፣ አጭሶ ይሄዳል። እሱ የመጣ ሌሊት እንተኛለን።"

አሁን ወደ አሜሪካ ልውሰዳችሁ። ማይክል ሻራ የሚባል ደራሲ በ1974፣ ያው በፈረንጅ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ስለተደረገው የጌቲስበርግ ውጊያ ልቦለድ አሳተመ። "ገዳይ መላእክት" እንበለው። በማግስቱ ዓመት ፑሊትዘር የሚባለውን ሽልማት አገኘ። የአሜሪካ ማሪኖች ለመኮንኖቻቸው በሚያወጡት የንባብ ዝርዝር ውስጥ ልቦለድም አለበት፤ ይህ መጽሐፍ ከገቡት አንዱ ነው። ታሪኩ በሐምሌ 1863 መጀመሪያ ስለሆኑ ጥቂት ቀናት ነው። እኔ ግን የምወደው ውጊያው ሳይጀመር ያለውን አንድ ማለዳ ነው።

ኮሎኔል ቼምበርሊን የ20ኛው የሜይን ክፍለ ሀገር ሬጅመንት አዛዥ ነው። ከጦርነቱ በፊት የኮሌጅ መምህር ነበር፤ ያስተምር የነበረውም የንግግር ጥበብን ነው። ገና እንቅልፉ ሳይለቀው 120 እስረኛ ያመጡለታል። እስረኞቹ የጠላት አይደሉም፣ የራሱ ክፍለ ሀገር ልጆች ናቸው። የነበሩበት ሬጅመንት ጊዜውን ጨርሶ ተበትኗል። ጓደኞቻቸው አገራቸው ገብተዋል። እነዚህ ግን ሲመዘገቡ የሦስት ዓመት ወረቀት ላይ ፈርመው ተገኙ። አንዋጋም አሉ። በሳንጃ እየተነዱ፣ ተርበው መጡ። ለቼምበርሊን የተሰጠው ትእዛዝ እንዲህ ይላል፦ እምቢ ካሉ ተኩስባቸው፤ ማንም አይጠይቅህም።

እንግዲህ እናንተ ብትሆኑስ? ጦሩ እየተነሳ ነው። ጊዜ የለም።

ቼምበርሊን መጀመሪያ ጠባቂዎቹን አሰናበታቸው። ሳንጃው ከፊታቸው ዞር አለ። ቀጥሎ ምግብ በልታችኋል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ሥጋ እንዲሰጧቸው አዘዘ። ከዚያ ተወካያቸውን ለብቻው ወስዶ ብሶቱን አዳመጠ። ሰውዬው አንጀቱ ያረረ ነው፣ በመኮንን ስህተት ስንቱን ጓደኛውን ቀብሯል። ቼምበርሊን አልተከራከረውም። መጨረሻ ላይ ነው ንግግር ያደረገው። አልተኩስባችሁም አለ። ለምን እንደሚዋጋ በጥቂት ቃል ነገራቸው። ጠመንጃ ለሚያነሳ አመሰግናለሁ አላቸው። ከስድስቱ በቀር ሁሉም ተከተሉት።

ሰው ይህን ሲያወራ ንግግሩን ነው የሚያደንቀው። እኔ ሥጋውን ነው የማደንቀው። ሥጋው ባይቀድም ንግግሩን ማን ይሰማው ነበር? የተራበ ሰው ጆሮ የለውም ይሉ ነበር እናቴ።

አንድ ነገር ግን በሐቀኝነት ልንገራችሁ። በእውነተኛው ታሪክ እነዚህ ሰዎች የመጡት ከጌቲስበርግ ከወር በላይ ቀድሞ፣ በግንቦት ነው። ደራሲው ለትረካው ሲል አቅርቦታል። ልቦለድን እንደ ታሪክ የሚጠቅስ ሰው እዚህ ላይ ይወድቃል።

በሁለተኛው ቀን ሊትል ራውንድ ቶፕ በሚባለው ኮረብታ ላይ ቼምበርሊን የመጨረሻው የግራ ጫፍ ነው። ከሱ ወዲያ ሰው የለም። እሱ ከተነሳ የጠቅላላው ጦር ጎን ይከፈታል። ጥይት አለቀ። ሳንጃ ሰክተው ወደ ታች እንዲሮጡ አዘዘ፤ ተሳካለት። ፊልም ያየ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። እኔን ግን ከዚህ በፊት ያለችው ትንሽ ቅጽበት ናት የያዘችኝ። መስመሩ መሐል ላይ ክፍተት ተፈጠረ። በአጠገቡ ሰው ፈለገ። ወንድሙ ቶም ነበር። "ሂድ፣ ድፈነው" አለው። ቶም ሄደ። ውጊያው ካለፈ በኋላ ነው ቼምበርሊን የገባው፦ ወንድሜን ቀዳዳ መድፈኛ አደረግሁት፣ ደግሞም አላመነታሁም። ቶም ተርፏል። ኮሎኔሉ ግን ያችን ነገር ከራሱ ላይ ማራገፍ አይችልም።

በሦስተኛው ቀን በማዶው በኩል የደቡቡ ጦር አዛዥ ጄኔራል ሊ ከ12 ሺህ በላይ ሰው በገላጣ ሜዳ ላይ እንዲሄድ አዘዘ። ምክትሉ ሎንግስትሪት አይሆንም ብሎ ተከራከረ፤ አልተሰማም። ጥቃቱን የሚመራው ጄኔራል ፒኬት መጥቶ "ልሂድ ወይ?" ሲለው ከሎንግስትሪት አፍ ቃል አልወጣም፣ ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ከተላኩት ግማሽ ያህሉ ሞተው፣ ቆስለው ወይም ተማርከው ቀሩ። ሊ የተረፉትን እየተቀበለ "ጥፋቱ የኔ ነው" አላቸው። ይህን በማለቱ የሚያደንቁት ብዙ ናቸው። እኔ ሎንግስትሪትን ነው የማስበው። እውነቱን ተናግሯል። ልቦለዱ ውስጥ ከዠርኮፍ በብዙ ይሻላል። ግን አይሆንም ብሎ ያመነበትን ነገር ሲያስፈጽም በምን ቃል ያስፈጽም? ይህን ጥያቄ ለሦስት የተለያዩ መኮንኖች አቅርቤ ሦስት የተለያየ መልስ ሰጥተውኛል።

ቀልድ የሚወድ "ካች 22"ን ያንብብ። ጆሴፍ ሄለር ራሱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፕላን ቦምብ ጣይ ነበር። እሱ የፈጠረው ኮሎኔል ካትካርት ጄኔራል መሆን ይፈልጋል። ስለዚህ ሰዎቹ የበረራቸውን ቁጥር ሊጨርሱ ሲሉ ቁጥሩን ይጨምርባቸዋል። ሊጨርሱ ሲሉ እንደገና። እንዲህ ዓይነት አለቃ ለማየት አውሮፕላን መሳፈር አያስፈልግም።

እኛም አለን፤ "ኦሮማይ"። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው ልቦለድ ደርግ በኤርትራ ስላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው። ተራኪው ጸጋዬ ኃይለማርያም ጋዜጠኛ ነው፤ ወደ አስመራ የሚሄደው ለዘመቻው ፕሮፓጋንዳ ነው። ይህን ልብ በሉ። ተራኪው ተዋጊ አይደለም፣ የወሬው ሰው ነው። ቅድም የነገርኳችሁ መንገድ ላይ፣ ልክ መሐሉ ላይ የተቀመጠ ሰው። ድሉ ሳይመጣ የድሉን ዜና ያዘጋጃል። የዘመቻው ዋና ግብ የነበረችው ናቅፋ ግን አልተያዘችም። በዓሉ ይህን ሲጽፍ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር፤ የሚጽፈውን ከውስጥ ያውቀዋል። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ። እሱም ከሥራው ተነሳ። በየካቲት 1976 ወጥቶ ቀረ። ሌላው ሁሉ አመርቂ በሚልበት ዘመን አንድ ሰው መሐሉን መንገድ ጻፈ። ከዚያ በላይ የምጨምረው ቃል የለኝም።

ወደ ቶልስቶይ ልመለስና ልጨርስ። በአንድ ነገር እጣላዋለሁ። አዛዥ ምንም አይለውጥም፣ ሁሉ በራሱ ይሄዳል ሊለን ይፈልጋል፤ ገጽ ሙሉ ይሰብካል። አልቀበለውም። ስንቅ ያላሰበ አዛዥና ስንቅ ያሰበ አዛዥ አንድ አይደሉም። ደግነቱ ራሱ ቶልስቶይ ታሪክ ማውራት ሲጀምር ስብከቱን ይረሳዋል።

ከቦሮዲኖ ስድስት ቀን በኋላ ነው። የሩሲያ ጄኔራሎች ሞስኮ አጠገብ ፊሊ በምትባል መንደር፣ በአንድ ገበሬ ቤት ይሰበሰባሉ። ቤተሰቡ ወደ ሌላኛው ክፍል ሄዷል። የስድስት ዓመቷ ማላሻ ብቻ ምድጃው ላይ ቀርታለች፤ የሩሲያ ገበሬ ምድጃ ሰው የሚተኛበት ሰፊ መደብ አለው። የጦሩ ጠቅላይ አዛዥ ሽማግሌው ኩቱዞቭ ሻይ ሲጠጣ ስኳር ሰጥቷታል። ስለዚህ "አያቴ" ትለዋለች በልቧ። ጄኔራል ቤኒግሰን ይነሳና ቅድስቲቱን ጥንታዊት ከተማ ያለ ውጊያ እንልቀቅ ወይስ እንከላከል ይላል። ለማላሻ እሱ "ባለ ረጅም ካፖርቱ" ነው። አያትና ባለ ካፖርቱ የተጣሉ ነው የሚመስላት። እሷ ከአያት ጋር ናት።

ኩቱዞቭ ጥያቄውን አልመለሰም፤ ለወጠው። እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም አለ። ጥያቄው ሞስኮን ብቻ ብናጣ ይሻላል ወይስ ጦሩንም ሞስኮንም ብናጣ? ነው አለ። ብዙ ተጨቃጨቁ። መጨረሻ ላይ ተነሳና እንድናፈገፍግ አዝዣለሁ አለ። ጄኔራሎቹ ከቀብር እንደሚመለስ ሰው ዝም ብለው ወጡ። እሱ ለብቻው ሲቀር ለረጅም ሰዓት አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ ይህ ነገር የተወሰነው መቼ ነው? የቱ ቀን ነው ያመለጠኝ?

ማላሻን ግን ለእራት መጠበቅ ከጀመሩ ቆይተዋል። ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ በባዶ እግሯ እየረገጠች ቀስ ብላ ወረደች። በጄኔራሎቹ እግር መሐል ሾልካ ወጣች።

ይህን ለሃምሳ አለቃ ስነግራቸው ፀሐይዋ ከበራቸው ላይ ሄዳለች። ስለ ሞስኮ ምንም አልጠየቁኝም። ስለ ናፖሊዮንም አልጠየቁም። ዱካቸውን አንስተው ሊገቡ ሲሉ በሩ ላይ ዞር አሉ።

"ታዲያ ልጅቷ እራቷን በላች?"

"መጽሐፉ አይናገርም ጋሼ" አልኳቸው።